ቪዲዮሽ እንዲያልቅ መጀመሪያ ጥያቄው ይጥበብ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ስለ ጎንደር ታሪክ ቪዲዮ መሥራት ጀምረሻል። አንዱን ርዕስ ስታነቢ ወደ ሌላው ይወስድሻል፣ ስልኩም ይጎትትሻል። በዚህ ምክንያት ግማሽ ላይ የቆሙ ስክሪፕቶች ተከምረውብሻል። «ርዕስ እንዴት ነው የምትመርጡት? ሐሳባችሁስ ሳይበተን እንዴት ትጨርሳላችሁ?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ጎንደር በዚሁ ሥራ ላይ ስለሆንኩ የማደርገውን ልንገርሽ።

ስንፍና አይመስለኝም። ርዕስሽ ሰፍቶብሻል። «የፋሲል ግቢ» ብለሽ፣ የነገሥታቱን ግንቦች በሙሉ ይዘሽ ከተነሳሽ ማለቂያ የለውም። ከአፄ ፋሲለደስ ወደ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ከኢያሱ ወደ እቴጌ ምንትዋብ፣ ከእሷ ወዳሠራችው ቁስቋም ትሄጃለሽ። ሁሉም ደስ ይላል። ቀኑ ይመሻል፣ የተጻፈ ነገር ግን የለም።

እኔ ርዕስ አልይዝም፤ ጥያቄ ነው የምይዘው። ጥያቄውም በአንድ መስመር የሚጻፍና መልስ ያለው መሆን አለበት። ለምሳሌ «ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው?» የሚለውን እንውሰድ። ኮመንት ላይ ሁሌ ይነሳል። አሁን የምትፈልጊው ነገር የተወሰነ ነው። ፋሲለደስ የነገሠው በፈረንጆች 1632 ነው። ብዙም ሳይቆይ ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም ፖርቱጋሎቹ የነበሩበትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር፣ ከአገር አስወጣ። ጎንደርን የቆረቆራት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 ገደማ ነው። ስለዚህ ወሬው ከዘመኑ ጋር አይገጥምም። እዚህ ላይ ካቆምሽ ግን መልሱ ጎዶሎ ነው። በአባቱ በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያኑ ጣና ዳር፣ በጎርጎራ በኩል በድንጋይና በኖራ ይገነቡ ነበር። በኖራ የመገንባት ሙያ በእነሱ ጊዜ ተስፋፋ፤ እነሱ ከወጡ በኋላም አልጠፋም። ይህን ስታገኚ ቪዲዮሽ ሞላ። የእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ የፈለገውን ያህል ቢያምር የዚህ ጥያቄ መልስ ውስጥ የለችበትም።

ታዲያ የሚያጓጓውን ነገር ምን ላድርገው ካልሽ፣ ከደብተሬ መጨረሻ «ቆይ» የሚል ገጽ አለኝ። ከጥያቄዬ ውጭ የሆነ ነገር ሲመጣ እዚያ አንድ መስመር እጽፍና እመለሳለሁ። ጽፌ ካስቀመጥኩት ልቤ ያርፋል። ብዙዎቹ የኋላ ቪዲዮዎቼ የመጡት ከዚያ ገጽ ነው።

ምንጭ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንደክመው እዚያ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በፈረንጆች 1770 ሲሆን የጉዞ መጽሐፉ በ1790 ታተመ። ሰዎች «ብሩስ ብሏል» ካሉ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ብሩስ በዚያን ጊዜ ሥልጣኑን ስለያዘው ስለ ራስ ሚካኤል ስሑል ሲጽፍ በዓይኑ ስላየው ሰው ነው የሚጽፈው። ስለ ፋሲለደስ ሲጽፍ ግን ንጉሡ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የሰማውን ነው የሚነግረን። ያው አንድ ሰው ለአንዱ ጥያቄ የዓይን ምስክር ነው፣ ለሌላው ወሬ አቀባይ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ጎን «አይቷል» ወይም «ሰምቷል» ብለሽ ጻፊ። ስክሪፕት ስትጽፊ ይህች ምልክት በጣም ታግዝሻለች። እዚሁ ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የንቦች ታሪክም በዚሁ ተመልከቺው። ድርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲስት ጦር፣ ከተማዋን ባቃጠለ ጊዜ ንብ መንጋ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን አዳነው ይባላል። አባቶች በእምነት የሚነግሩን ነውና በአክብሮት «እንደሚነገረው» ብለሽ አቅርቢው። አትዝለይው፣ እንደ ሰነድም አታድርጊው።

ዓመተ ምሕረት ላይ ደግሞ እባክሽ ተጠንቀቂ። ከፈረንጆቹ ዓመት ዝም ብሎ ስምንት መቀነስ አይሠራም። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ ባለው ጊዜ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የተመዘገበው በፈረንጆች ጥቅምት 1979 ነው። ይህ በእኛ 1972 ነው፤ 1971 የሚሉ ግን አሉ። በዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው፣ የተጻፈ ካጋጠመሽ 5500 ቀንሺለት። 7124 ሲል 1624 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ፋሲለደስ የነገሠበት ዓመት። እኔ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ሳልጽፍ ወደ ቀጣዩ መስመር አላልፍም።

የብሩስን መጽሐፍ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ። በማይክሮፊልም የተነሱ የብራና መጻሕፍታችንም አሜሪካ ባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት በሂል ሙዚየም (HMML) ድረ ገጽ ላይ አሉ፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ኔት ባለበት ሰዓት የምትፈልጊውን ሁሉ አውርጂ። ከዚያ ዳታውን አጥፍተሽ አንብቢ። ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኼ ነው። መፈለግና ማንበብ በአንድ ሰዓት አብረው አይሄዱም። መብራት ሲሄድ እንኳ ደብተርና እስክሪብቶ ካለሽ ሥራው አይቆምም። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው፤ ኖቲፊኬሽን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ እጅ ራሱ ይፈልገዋል።

ስክሪፕትሽ ሳያልቅ በዚያው ጥያቄ ላይ የሌላ ሰው ቪዲዮ አትዪ። የእሱ አባባል ጆሮሽ ላይ ይቀርና ያንቺው ይጠፋል። ሲያልቅ ግን እዪ፣ የሳትሽው ካለ ታገኚዋለሽ።

ጥምቀት ሲደርስ ሁሉም ስለ ፋሲል መዋኛ ይሠራል። አንቺ በኅዳር ወርደሽ «ውሃው እንዴት ይገባል?» የሚለውን ብቻ ያዢ። ከቀሃ ወንዝ የሚመጣበትን መስመር በእግርሽ ተከተዪ፣ ቅረጪ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቂ። ስትጠይቂ ካሜራውን ቶሎ አታውጪ። መጀመሪያ ተቀምጠሽ አዳምጪ፤ ከፈቀዱልሽ ሌላ ቀን ተመልሰሽ ትቀርጫለሽ።

ከጀመርሻቸው ስክሪፕቶች አንዱን ምረጪና ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፊልኝ። ስለ ቁስቋም ከሆነ የማነበውን ልልክልሽ እችላለሁ።