የጊኒ ፒጓ ሽንት ሲቀላ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ለልጄ የገዛናት የ3 ዓመት ሴት ጊኒ ፒግ (የአይጥ ዘመድ የሆነች ትንሽ የቤት እንስሳ) ሰሞኑን ስትሸና ጀርባዋን አጉብጣ ትጮኻለች፤ በተነጠፈላት ጨርቅ ላይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ አይቻለሁ። ያሳስባል ወይስ በራሱ ያልፋል?

መልስ፦ ያሳስባል፤ ዛሬውኑ ትንንሽ እንስሳትን የማከም ልምድ ወዳለው የእንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። የጊኒ ፒግ አንጀት ከምግብ ካልሲየምን በብዛት ስለሚመጥና ትርፉ በሽንት ስለሚወገድ፣ ሽንቷ መደፍረሱና ሲደርቅ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር መተዉ ብቻውን በሽታ አይደለም። ዝቃጩ እንደ አሸዋ ሲሻክር፣ አምጣ ጠብታ ብቻ ሲወጣት ወይም መቀመጫዋ ዘወትር ሲርስ ግን የፊኛ ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ቅላቱ አንዳንድ ጊዜ ከምግብ ቀለም ሊመጣ ቢችልም፣ እንደ እርስዎ ጊኒ ፒግ ሕመም ሲታከልበት ደም ነው ብሎ መነሣት ይሻላል፤ ደሙ ከማሕፀንም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ከሽንት ምርመራው ጋር ራጅና አልትራሳውንድ ሊያዝ ይችላል። ጠጠሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆናቸው በራጅ ጎልተው ይታያሉ። ሽንቷ ጭራሹን ከቆመ ወይም መብላት ካቆመች ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋታል።

አደራዎን፣ ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይስጧት፤ የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አዛብቶ ሊገድላት ይችላል። ውኃና ድርቆሽ አይለያት፤ አልፋልፋ የሚባለው መኖ ካልሲየሙ ከፍተኛ ስለሆነ ጢሞቲ የሚባለውን ሣር ይምረጡላት።