ልጁ ወደ ራሱ ክፍል የሚወጣው መቼ ነው?

ሰላም እህቴ። ልጅሽ አምስት ወር ተኩል ሆኖታል፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሳል። ባለቤትሽ «ክፍሉ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል፣ እናውጣው» ይላል። እናትሽ ደግሞ «ገና ጨቅላ ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ» ይላሉ። አንቺም መሃል ላይ ሆነሽ ማንን ልስማ ብለሻል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ስድስት ወር እስኪሞላው አትንኪው። ከዚያ በኋላ ግን የሰውንም ወሬ የቀን መቁጠሪያውንም ተይውና አንድ ነገር ብቻ እዪ፤ ሌሊት ማን ማንን ነው የሚቀሰቅሰው? ወሳኙ ጥያቄ እሱ ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሰባት ወር ገደማ ላይ ወጣች፣ ትንሹ ዓመት አልፎትም እኛ ጋ ነበር። በሁለቱም አልጸጸትም። ልጆቹ የተለያዩ ነበሩ፣ ምክንያቱም የተለያየ ነበር።

መጀመሪያ ስድስት ወር ያልኩሽን ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ አጉል ጥንቃቄ ያየዋል። ጤነኛ የነበረ ሕጻን በእንቅልፉ ላይ እያለ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚሞትበት ነገር አለ፤ ሐኪሞች ድንገተኛ የሕጻናት ሞት ይሉታል። በብዛት የሚያጋጥመው ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ 90 በመቶ የሚሆነው የሚደርሰው 6 ወር ሳይሞላ ነው። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ እንደሚለው ሕጻኑ ወላጆቹ ክፍል ውስጥ፣ ግን በራሱ አልጋ ላይ ሲተኛ ይህ አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። «በራሱ አልጋ» የሚለውን ልብ በይ። አንድ ክፍል እንጂ አንድ አልጋ አልተባለም። በእንግሊዝ የሚሰጠው ምክር ደግሞ የቀን እንቅልፉንም ይጨምራል፤ እስከ ስድስት ወር ቀንም ቢሆን ሰው ባለበት ክፍል ይተኛ ይላል።

ለምን ይጠቅማል ካልሽ፣ አንዱ ግምት ሕጻኑ እናንተ አጠገብ ሲሆን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ውስጥ አይገባም የሚል ነው። ስትገላበጡ፣ ስትተነፍሱ፣ ስታስሉ እሱም ነቃ ነቃ ይላል። ትንሽ ሕጻን ቶሎ መንቃቱ መከላከያው ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው፤ አሁን አንቺን እንቅልፍ የሚነሳሽ ያው መነቃቃት በመጀመሪያዎቹ ወራት እሱን የሚጠብቀው ነው። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ አደጋው በጣም ይቀንሳል። መነቃቃቱ ግን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ጥቅሙ እያነሰ ድካሙ እየበዛ ይመጣል፣ የክፍል ጥያቄም በደንብ የሚነሳው ያኔ ነው።

ልጅሽ ያለ ጊዜው ተወልዶ ከሆነ ስድስት ወሩን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። የኔ ትንሹ ቸኩሎ ስለመጣ፣ ደረቱም ቶሎ ቶሎ ይታመም ስለነበር ነው የቆየው፤ ሐኪሙም አትቸኩሉ ብሎናል። እንዲህ ዓይነት ነገር ካለ የኔንም የሌላውንም ምክር ተይና ልጁን የሚያየውን ሐኪም ጠይቂ።

ከስድስት ወር በኋላ ባለሙያዎቹም አንድ ቃል አይናገሩም። አካዳሚው በ2016 ባወጣው ምክር ቢቻል እስከ ዓመት፣ ቢያንስ ግን እስከ 6 ወር ወላጆቹ ክፍል ይተኛ ብሎ ነበር። በ2022 ሲያሻሽለው ቢያንስ 6 ወር በሚለው ላይ አተኮረ። መሃል ላይ፣ በ2017፣ በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። በዚያ መሠረት እስከ 9 ወር ከወላጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል የቆዩ ሕጻናት በ4 ወር ወደ ክፍላቸው ከወጡት ይልቅ በሌሊት 40 ደቂቃ ያህል ያነሰ ይተኙ ነበር። እኔን ከዚህ ይበልጥ ያስገረመኝ ሌላው ነው፤ ወላጆቻቸው ክፍል የሚተኙት ሌሊት ነቅተው ወላጆቻቸው አልጋ ላይ የመግባት ዕድላቸው 4 እጥፍ ነበር። ይገባኛል፣ ሲደክምሽ አንስተሽ ጎንሽ ማስተኛት ነው የሚቀልሽ። ግን ይህን አንብበሽ በአራት ወር ላውጣው ነበር ብለሽ እንዳትበሳጪ። ያ ጥናት ስለ እንቅልፍ ርዝመት ነው የሚያወራው፣ ስድስት ወር የተባለው ደግሞ ስለ ነፍስ ነው።

አሁን ወደ ማን ማንን ይቀሰቅሳል እንምጣ። ሕጻን ሲተኛ ዝም አይልም። ያቃስታል፣ ያጉረመርማል፣ እግሩን አንስቶ ፍራሹ ላይ ዷ ያደርጋል፣ ሊያለቅስ እንደሆነ ፊቱን ያጨማድዳል፣ አንዳንዴ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድናል። ይሄ ሁሉ እንቅልፍ ነው፤ ነቅቷል ማለት አይደለም። ትልቋ ልጄ እኛ ክፍል እያለች የነበረውን ልንገርሽ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ «እህ» ትላለች። ባለቤቴ ይገላበጣል፣ አልጋው ሲጥ ይላል። እሷ ሲጥታውን ሰምታ ጭንቅላቷን ታዞራለች። እኔ ስልኬን አብርቼ አያታለሁ። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗ ቦግ! በቃ፣ ሦስታችንም ነቃን። ማን ጀመረው ብትይ አላውቅም። ግን ከዚያ በኋላ የምትጠባው ርቧት ሳይሆን ስለነቃች ነበር። እሷን ያወጣናት እኛን ስለረበሸችን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ እኛም እሷን እየረበሽናት ነበር።

አንቺም ለሁለት ሦስት ሌሊት እንዲህ አድርጊ። ድምፅ ሲያሰማ ወዲያው አትነሺ፣ ብርሃንም አታብሪ፣ ተኝተሽ ስሚው። መልሶ ከተኛ ያ መነሳት አልነበረም። ድምፁ እየጨመረ ወደ ለቅሶ ከሄደ እሱ የምር ነው፣ ተነሺለት። ከሦስት አራቱ መነሳት ሁለቱ እንዲሁ በራሳቸው የሚያልፉ ሆነው ካገኘሽ፣ ስድስት ወር ሲሞላው ክፍሉ ሊጠቅማችሁ ይችላል። ሁሉም የምር ከሆኑ ግን፣ ርቦት ከሆነ፣ አፍንጫው ታፍኖ ከሆነ፣ ክፍል መቀየሩ ምንም አይፈይድልሽም። ያው ተነስተሽ ልትሄጂ ነው፣ በዚያ ላይ አሁን በኮሪደር።

ለባለቤትሽም ይህን ንገሪው። ብዙ ሰው ልጁ ወደ ክፍሉ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል ብሎ ይጠብቃል። አይደለም። የሚጠባ የስድስት ሰባት ወር ሕጻን ሌሊት መነሳቱ ጤነኛ ነገር ነው። ክፍል አንድ ጉዳይ ነው፣ የሌሊት ጡት ማስተው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብቻውን እንቅልፍ መውሰድ ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱን በአንድ ሳምንት ልትጨርሺ ከሞከርሽ እሱም አንቺም ታለቅሳላችሁ፣ ምን እንዳስለቀሰውም አታውቂም። ስለዚህ ክፍል የሚቀየር ከሆነ ክፍል ብቻ ይቀየር። ወደ ሥራ በምትመለሺበት ሳምንት አይሁን፣ ጥርስ ሲያበቅል አይሁን፣ ከጉንፋን ሳያገግም አይሁን። ቀድማችሁ ደግሞ ሌሊት ማን እንደሚነሳ ተነጋገሩ። እናውጣው ያለ ሰው ኮሪደሩንም ይካፈላላ!

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ስምንት ወር አካባቢ ሕጻናት ከእናታቸው መለየትን መፍራት ይጀምራሉ። ከዓይኑ ስትጠፊ የለሽም ብሎ ይረሳሽ የነበረው ልጅ አሁን የሆነ ቦታ እንዳለሽ ይገባዋል፣ እንድትመጪለትም ይፈልጋል። በብዙዎቹ ላይ ይሄ ከዓመት በኋላም ይጠነክራል። ስለዚህ እኔ የታዘብኩት፣ የምታወጪው ከሆነ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ይቀላል። ያ ካለፈሽ ምንም አይደለም፣ ግን ልክ ጭንቀቱ በጀመረው ሳምንት አታድርጊው፤ ትንሽ እስኪረጋ ጠብቂ። ትንሹ ልጄ ሲወጣ መራመድ ጀምሮ ስለነበር እያለቀሰ በሩን ይደበድብ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ መኪናዎቹን ሰብስቦ አልጋው ስር ደረደራቸውና ተኛ። ልጅ አይታወቅም።

እንዴት እንደምታወጪው ከሆነ፣ ክፍሉ ለሌሊት ብቻ አይሁን። ከአሁኑ ጀምሮ ዳይፐር እዚያ ቀይሪለት፣ መሬት ላይ እዚያ አጫውቺው፣ ይሳቅበት። ስድስት ወር ሲሞላው መጀመሪያ የቀን እንቅልፉን እዚያ ይልመድ። አልጋውን አትቀይሪ፤ አሁን የሚተኛበት የማይጠበው ከሆነ እሱኑ ወስደሽ አስገቢው፣ ቢያንስ ሽታው የራሱ ነው። እኛ ትልቋን ስናወጣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ባለቤቴ እሷ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ተኛ፣ ከዚያ ፍራሹ ወጣ። ከሁለታችን የበለጠ የከበደው እኔን ነበር። እሷ ድብን ብላ ተኝታ እኔ በር ላይ ቆሜ ትንፋሿን እሰማ ነበር። ይሄም ያልፋል።

ክፍሉን ግን በደንብ አይተሽዋል? ቀለሙንና መጋረጃውን አይደለም የምልሽ። አልጋው ውስጥ ጠንካራ፣ ለጥ ያለ ፍራሽና የተወጠረ አንሶላ ብቻ ይሁን። ትራስ የለም፣ ወፍራም ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ዙሪያውን የሚታሰረው ለስላሳ መከለያም የለም፤ ያ የሚያምረው ነገር ሊያፍነው ይችላል። ከበረደው የእንቅልፍ ከረጢት አልብሺው። ሁሌም በጀርባው አስተኚው፣ በራሱ ከተገለበጠና ወዲያና ወዲህ መገላበጥ ከቻለ ግን መመለስ አያስፈልግም። በጨርቅ መጠቅለሉ ደግሞ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር ይቁም። የመጋረጃ ገመድና የሞኒተር (ልጁን ከሌላ ክፍል ሆነሽ የምትከታተይበት መሣሪያ) ሽቦ ከአልጋው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ቁምሳጥኑ ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ አሁን ትርፍ ሥራ ይመስልሻል፣ መቆም ሲጀምር ግን መጀመሪያ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። የፍራሹን ከፍታም በራሱ ተነስቶ ሳይቀመጥ ዝቅ አድርጊው። ክፍሉ አይሙቅ፤ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ በቂ ነው። እጁ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፣ ሙቀቱን የምታውቂው ደረቱን ወይም ማጅራቱን ነክተሽ ነው።

ስለ ሞኒተር፣ ድምፅ የሚያሰማ ተራው ይበቃል። እግር ላይ የሚታሰሩት፣ የልብ ምትና ኦክስጅን እንለካለን የሚሉት፣ ድንገተኛ ሞትን እንደሚከላከሉ አልተረጋገጠም። ገንዘቡ ካለሽና ልብሽን ካሳረፈው ያንቺ ምርጫ ነው፣ ብቻ እሱን ተማምነሽ ሌላውን ጥንቃቄ እንዳትተዪ።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምልሽ፤ ክፍሉ ውስጥ ለማጥባት ሶፋ ወይም ምቹ ወንበር ካስገባሽ እዚያ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ። ሕጻን ታቅፎ ሶፋ ላይ መተኛት ከሁሉም የከፋ ነው፣ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ሕጻኑ በአንቺና በመደገፊያው መሃል ተሸጉጦ መተንፈሻ ሊያጣ ይችላል። እንቅልፍ ከተጫነሽ ወደ አልጋው መልሺው፣ ወይ ባለቤትሽን ቀስቅሺው። እዚያ እየሄድሽ በድካም ሶፋ ላይ የምትወድቂ ከሆነ ልጁ ካንቺ ክፍል ባይወጣ ይሻላል።

ሞክራችሁ ካልሆነስ? መልሳችሁ አምጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ትሞክራላችሁ። ማንም ፈተና አላወጣባችሁም። ለልጅ የተለየ ክፍል የሌለው ቤተሰብም ብዙ ነው፤ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ዓመታት ተኝተው ምንም አልሆኑም። ክፍል መኖሩ ምቾት እንጂ ግዴታ አይደለም።

ስለዚህ አንቺ አሁን ሁለት ሳምንት የሚሆን ጊዜ አለሽ። ሌሊት ስሚው፣ ቀን ክፍሉን አለማምጂው፣ ቁምሳጥኑን እሰሩ። እናትሽንም «ስድስት ወር ይሙላው ብለናል» በያቸው፤ ለጊዜው ሁለቱም ወገን ይረጋጋል። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ክፍሉ ከእናንተ አጠገብ ነው ወይስ ሌላ ፎቅ ላይ? ፎቅ ከሆነ በጨለማ ደረጃ ልጅ ይዞ መውጣት መውረዱን ስለማልወደው፣ የምልሽ ትንሽ ይለያል።