ጠመንጃውን ከመሸጥህ በፊት ሰደፉን ለካው

አንድ የመሐል ሜዳ ወጣት እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ በጥቅምት ባለሁለት አፈሙዝ አዲስ የአደን ጠመንጃ በሕጋዊ ፈቃድ ገዛሁ። 12 ጌጅ ነው። ስንት ጊዜ ቆጥቤ የገዛሁት ነበር፤ አሁን ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳየው ይቆጨኛል። በተኮስኩ ቁጥር የጉንጬን አጥንት ይመታኛል። ክንዴም ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ በልዟል። አባቴ በምንሽር ዒላማ ስላስተማረኝ የቆመ ነገር አልስትም፤ የሚበር ቆቅ ላይ ግን ሁልጊዜ ከኋላው ነው የምተኩሰው። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ በሸሚዝ ስሞክረው ትንሽ ይሻላል። የሰፈራችን አናጢ ‹ሰደፉ ረዝሞብህ ነው፣ ሁለት ጣት ልቁረጥልህ› ይለኛል። ላስቆርጠው ወይስ ሸጬው ልገላገል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አናጢው መጋዙን ያስቀምጥ። ሙያውን አላጣጥልም፤ በርና ቁም ሣጥን አሳምሮ የሚሠራ እጅ የተከበረ እጅ ነው። ግን ሁለት ጣት ማለት አራት ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አራት ሳንቲ ሜትር የሚያስቆርጥ አንድም ምልክት አላገኘሁበትም። ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ እንዳይሆንብህ። መሸጡንም ለጊዜው ተወው። ፈቃዱ የወጣው በአንተ ስም ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር መሣሪያ እንደ በግ ገበያ ወጥቶ አይሸጥም። ደግሞም ይህን ጥለህ ሌላ ብትገዛ ያው ችግር ተከትሎህ ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ።

ለምን መሰለህ፣ አንተ ያደግኸው በምንሽር ነው። ምንሽር የኋላና የፊት ማነጣጠሪያ አለው። ሰደፉ ቢረዝምም ቢያጥርም አንገትህን ሰብረህ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ሁለቱን ታገጣጥማለህ፤ ጊዜም አለህ። የአደን ጠመንጃህ ግን ጫፉ ላይ ካለችው ትንሽ ፍሬ በቀር ምንም የለውም። የኋላ ማነጣጠሪያው የራስህ ዓይን ነው። ጉንጭህ እንጨቱ ላይ የት እንዳረፈ ዓይንህን ይወስናል፤ ዓይንህ ደግሞ ተኩሱን ይወስናል። ዓይንህ ከፍ ካለ ተኩሱ ከፍ ይላል፣ ወደ ግራ ከሄደ ተኩሱም ወደ ግራ ይሄዳል። ምንሽር የማይለካህን ሰደፍ ይቅር ይልሃል፣ ይህኛው አይልም። እንግሊዛዊው ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. አንኮበር ድረስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃ ይዞ ከመጣበት ጊዜ ጀምሮ ወደ ሸዋ የሚገባው ጠመንጃ በብዛት ለሌላ አገር ሰው ትከሻ የተጠረበ ነው። የፋብሪካ ሰደፍ ከምላጩ እስከ መጨረሻው በአብዛኛው ከ36.5 እስከ 37.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንዱን ልክ ያገኘዋል፣ ሌላውን አያገኘውም። አንተ ስላልተስማማህ ጠመንጃው ከፋ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። የበለዘው ክንድህ ነው ብለሃል፣ ትከሻህ አይደለም። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሰደፉ በደረትህና በትከሻህ መካከል ባለችው ጎድጓዳ ቦታ መግባት ሲገባው ወደ ውጭ ተንሸራትቶ የክንድህ ጡንቻ ላይ እያረፈ ነው። ይህ የሚሆነው ሰደፉ ሲረዝም ወይም ወደ ላይ ሲወጣ ልብስ ሲይዘው ነው። ሸዋ ሮቢት በሸሚዝ ሲሻልህ መሐል ሜዳ ለምን እንደሚብስ የሚነግርህም ይኸው ነው። መሐል ሜዳ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ያለ በርኖስ የሚወጣ ሰው የለም። የመንዝ የበግ ጸጉር በርኖስ ከውስጥ ካለው ሹራብ ጋር ሆኖ ትከሻህ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም አንድ ተኩል ይጨምራል። ሰደፉ አልተለወጠም፣ ትከሻህ ነው ወደ ፊት የመጣው። ስለዚህ ለማሳጠር የሚያስፈልግህ በልብስህ ልክ እንጂ በሁለት ጣት አይደለም። ሁለት ጣት ብታስቆርጠው ቆላ በሸሚዝ ስትተኩስ የገዛ አውራ ጣትህ አፍንጫህን ይመታሃል። ክብደቱም ቀንሶ ርግጫው ይብሳል፣ ሚዛኑም ወደ አፈሙዙ ያጋድላል።

ሰደፉን ክርንህ መታጠፊያ ላይ አስደግፎ ጣት ምላጩን ይነካ እንደሆነ ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ ሻጮች ሁሉ ያደርጉታል። እኔ አላምነውም። የክንድን ርዝመት እንጂ አንገትን፣ ደረትን፣ ጉንጭን አይለካም። እኔ የማምነው ይህንን ነው፦ ጠመንጃውን ደግነህ ጉንጭህን ስታሳርፍ በአፍንጫህና በአውራ ጣትህ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ቦታ ከቀረ ርዝመቱ ልክ ነው። በርኖስህን ለብሰህ አንድ ጊዜ፣ በሸሚዝ አንድ ጊዜ አድርገው።

ከመሞከርህ በፊት ግን ይህን ስማኝ። ጠመንጃውን ክፈተው፤ ሁለቱም ጉድጓድ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ሌላ ሰውም ይመልከትልህ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ሕፃናት ከቤት ይውጡ። ባዶ ነው እያልንም ወደ ሰው አናዞርም።

የጉንጭህ አጥንት መመታቱ የሌላ ጉድለት ምልክት ነው፤ እኔ ከርዝመቱ ይልቅ ይህን ነው የምጠረጥረው። ጉንጭ የሚያርፍበት የሰደፉ ጀርባ ዝቅ ሲል ዓይን ከብረቱ ጀርባ ይሰምጣል። ሰውየው ለማየት ሲል ሳያውቀው ጭንቅላቱን ያነሳል። ጉንጩ እንጨቱን ለቅቆ አየር ላይ ይቀራል። ጠመንጃው ሲራገጥ እንጨቱ ያንን ክፍተት ዘሎ አጥንቱን ይመታዋል። ተጠግቶ የነበረ ጉንጭ ይገፋል እንጂ አይመታም። ይህን የምታረጋግጠው በመስታወት ነው። ባዶውን ጠመንጃ ይዘህ መስታወቱ ፊት ቁም፣ ዓይንህን ጨፍን፣ እንደ ልማድህ ደግን፣ ጉንጭህን አሳርፍ፣ ከዚያ ዓይንህን ክፈት። በመስታወቱ ውስጥ የቀኝ ዓይንህ ብሌን ከብረቱ በላይ ጫፉ ላይ ካለችው ፍሬ ጋር በአንድ መስመር ከታየህ ልክ ነው። ግማሹ በብረቱ ከተሸፈነ ጀርባው ዝቅ ብሏል። ከላይ ብዙ ክፍተት ከታየህ ደግሞ ከፍ ብሏል።

እግረ መንገድህን የትኛው ዓይንህ እንደሚገዛም እወቅ። ሁለት እጅህን ዘርግተህ በመዳፎችህ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥራ፤ ሁለቱም ዓይን ተከፍቶ በቀዳዳው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ተመልከት። ከዚያ ግራ ዓይንህን ጨፍን። ጉልላቱ ቦታው ላይ ከቆየ ቀኝ ዓይንህ ይገዛል። ከጠፋ ግን የሚመራህ ግራው ነው፣ በቀኝ ትከሻህ ስትተኩስ ደግሞ ተኩሱን ወደ ግራ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ሰደፍ ብንጠርብ ዋጋ የለውም፤ ወይ በግራ ትከሻ መልመድ ነው፣ ወይ መነጽር አድርጎ የግራው መስታወት ላይ ብርሃን የምታሳልፍ ግን ጥርት አድርጋ የማታሳይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ።

እንግዲህ ጥገናው። ከርዝመቱ እንጀምር። ሰደፉ መጨረሻ ላይ ጎማ አለው? አዲስ ጠመንጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጎማ በሁለት ብሎን ታስሮ ይመጣል። እሱን አውልቀህ አንድ ሳንቲ ሜትር በሚሆን ቢተካ እንጨቱ ሳይነካ የበርኖስህን ያህል አጠረ ማለት ነው። ቆላ ስትወርድ የድሮውን ትመልሰዋለህ። የጎማው የላይኛው ጠርዝ ሹል ከሆነ የበርኖሱን ጸጉር የሚይዘው እሱ ነው፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡለው፣ ወይም ላዩን በለስላሳ ቆዳ አልብሰው። ብዙ ጊዜ ይህች ብቻ ትበቃለች።

ጀርባውን ከፍ ለማድረግም እንጨት አንነካም። ሰደፉን የሚያለብስ የቆዳ እጅጌ አሰፋ፣ በጠፍር የሚጠበቅ ይሁን። በእጅጌውና በእንጨቱ መካከል ሦስት ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቆዳ እየጨመርክ በመስታወቱ እየተመለከትክ ውጣ። ቆዳው በደንብ የለፋ ይሁን። በጨው የደረቀ ጥሬ ቆዳ ጠመንጃ አጠገብ አታድርስ፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ በአንድ ክረምት ብረቱን ዝገት ያበላዋል። አደራ።

ቀጥሎ ወረቀት ነው። አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ወረቀት ከኋላው ሰውም ከብትም መንገድም በሌለበት የአፈር ግድግዳ ላይ ለጥፍ፣ መሐሉን በከሰል ምልክት አድርግ። 16 ረጃጅም እርምጃ ራቅ፤ ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። ሳታነጣጥር፣ ምልክቱን ብቻ እያየህ፣ ደግነህ ወዲያው ተኩስ። አምስት ጊዜ። ርቀቱ እንዲሁ አልተመረጠም፦ ከዓይንህ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ያለው ርቀት በግምት የዚህ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ የአምስቱ ተኩስ መሐል ከምልክቱ 16 ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሰደፉ ላይ የሚጎድለው ወይም የሚተርፈው አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፤ 8 ከሆነ ግማሽ። አምስቱም አንድ ቦታ ተሰብስበው ከሳቱ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው፣ እንጨት ደግሞ ይስተካከላል። አንዱ ላይ አንዱ ታች ከተበተኑ ግን ጉንጭህ ገና ማረፊያውን አላገኘም፤ ወደ መስታወቱ ተመለስ፤ ጥይት አታባክን።

ስለ ርግጫው ደግሞ የምትተኩሰውን ጥይት ተመልከት። በቀለሁ ላይ የእርሳሱ ክብደት በግራም ተጽፏል። በፍጥነት እኩል ሆነው፣ 2.7 ኪሎ የሚመዝን ቀላል ጠመንጃ በ36 ግራም ጥይት የሚራገጠው፣ 3.2 ኪሎ ጠመንጃ በ28 ግራም ከሚራገጠው እጥፍ ይጠጋል። ለቆቅ 28 ግራም ይበቃል። ጠመንጃው ላይ 12/70 የሚል ከሆነ (70 ጥይቱ የሚገባበት ጉድጓድ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው) 76 የሚል ጥይት በፍጹም አታጉርሰው። የ20 ጌጅ ጥይት ያለው ጓደኛ ካለህም ኪሳችሁ አይቀላቀል፤ የጌጅ ቁጥር ሲበዛ አፈሙዙና ጥይቱ ይቀጥናሉ። ቢጫዋ ትንሽ ጥይት 12 ጌጅ ውስጥ ተንሸራታ ገብታ መሐል ላይ ትቀረቀራለች፤ ከኋላዋ ሌላ አጉርሶ የተኮሰ ሰው ብረቱ እጁ ላይ ይፈነዳበታል።

ከኋላው እተኩሳለሁ ያልከው ግን የጠመንጃው ጥፋት አይደለም፤ የምንሽሩ ትምህርት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር ወፍ በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። እርሳሱ 30 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት ወፉ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ተጉዟል። አንተ ደግሞ እንደ ምንሽር አንድ ዓይን ጨፍነህ፣ ልክ ስታገጣጥም አፈሙዙን አቁመህ ምላጭ ትስባለህ። አታቁመው። ሁለት ዓይንህን ከፍተህ ወፉን ከኋላው ተከተለው፣ ቅደመው፣ እየሄድክ ሳብ፣ ከሳብክ በኋላም እጅህ ይሂድ። በባዶ ጠመንጃ፣ ግድግዳህ ጣሪያውን በሚገናኝበት መስመር ላይ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ተለማመድ።

በመጨረሻ እንጨት መጨመር ወይም መጥረብ ግድ ከሆነ፣ የጥገና ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስጠው፤ የጦር መሣሪያ ጥገና ራሱ ፈቃድ የሚፈልግ ሥራ ነው። በጥድ እንዳይቀጥልልህ፤ በእንጨቱ መስመር ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለመጥረብ የሚመች ቀላል እንጨት ነው፤ ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን ከባድና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ነው። ሁለቱም በደብረ ብርሃን ደረቅ አየር ወራት ካልቆዩ አልነካቸውም። የተጠረበውን የተልባ ዘይት በስሱ እየቀቡ ማድረቅ ነው፤ የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ ጥግ አትጣለው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ይነዳል። ገመድ ላይ ዘርግተህ አድርቀው።

በወጣትነቴ አንድ ሰው «አሳጥርልኝ» ሲለኝ ሳልለካው ቆርጬለት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደም በነካው አፍንጫ ተመለሰ። የቆረጥኩትን መመለስ ስላልቻልኩ በወይራ ቀጠልኩለት፤ ስፌቱ እስካሁን ይታያል። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አልቆርጥም፤ ለአንተም መጋዙ ይቆይ ያልኩት ለዚህ ነው።

የወረቀቱን ተኩስ ከጨረስክ በኋላ ካልተስተካከለ ደብረ ብርሃን ና። ወረቀቱንና ፈቃድህን ያዝ። ጠመንጃው ባዶ፣ በማኅደሩ ውስጥ ይሁን። እና እባክህ፣ ቀኑ ሞቃት ቢሆን እንኳ በርኖስህን ይዘህ ና፤ ያለ እሱ ልለካህ አልችልም።