መልስ፦ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ማሲንቆዬ ለምን ይታፈናል?

ጥፋቱ የጭራው አይደለም፣ ቆዳው ረግቦ ነው። የፏፏቴው ጢስ ሲያረጥበው ይላላል፤ ጭራውን የተሸከመችው እንጨት ትሰምጣለች፣ ቅኝቱም ይወርዳል። መቃኛውን ደጋግመህ ብታጠብቅ እንጨቷ ይብስ ትሰምጣለች እንጂ ድምፁ አይከፈትም።

1. መቃኛውን አላላና እንጨቷን አውጣት።
2. ቆዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረገውና ፊቱን ለፀሐይ ስጠው። በጣትህ መታ ስታደርገው «ዱፍ» ማለቱን ትቶ ጥርት ካለ በቅቶታል።
3. እንጨቷን መልሰህ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ቃኝ። የደጋኑን ጭራ እጣን የምትቀባው ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥብ ላይ ከቀባኸው ይጋገርና ደጋኑ ያንሸራትታል።

ከዚያ ቦታ ቀይሩ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ ፏፏቴው የሚነፍስበት ጎን ይሻላል። በነሐሴና በመስከረም ውሃው ሲሞላ ጢሱ ሩቅ ይደርሳል፤ ጩኸቱም ባለ አንድ ጭራ መሣሪያን ይውጠዋል። ትዝታን የመሰለ ዝግ ያለ ዜማ እዚያ አፋፍ ላይ ማባከን ያሳዝናል፤ ራቅ ብላችሁ፣ ፏፏቴው እየታያችሁ ተጫወቱት።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቶሎ ይድረቅ ብለህ እሳት ላይ አታስጠጋው። ቆዳው በድንገት ሲኮማተር ከሳጥኑ ጠርዝ ይቀደዳል። እሳት ግድ ከሆነ መዳፍህን አስቀድም፤ እጅህ ካልቻለው ቆዳውም አይችለውም።