ድንበር ላይ ስለሚበቅለው እሾህና እንግጫ፦ ለወጣቶች የተሰጠ ምክር

ይድረስ ለወጣት የግብርና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከወላጆቻችሁ ማሳ ተረክባችሁ ማረስ ለጀመራችሁ ልጆቼ። እንደምን ከረማችሁ?

ዕድሜዬን በደጋና በወይና ደጋ ቀበሌዎች በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት፣ በኋላም በአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያነት አሳልፌአለሁ። ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ዞር ብሎ የሚያየው ስላጣው ስለ ማሳው ጠርዝ ነው፤ በሁለት ይዞታ መካከል ስላለችው ቀጭን መሬት። ላይዋን ቀንጠፋ የሚባለው እሾሃም ሐረግና የዱር እንጆሪ ተጠላልፈው ይይዟታል፤ ታችኛውን ጫፏን እርጥበት የሚወደው እንግጫ ይወርሰዋል።

ይህችን መሬት እሾህ የሚወርሳት የሁለት ሰው ስለሆነች ነው። አንዱ «እሱ ይመንጥረው» ይላል፤ ሌላውም እንዲሁ ይላል። ማረሻ አይደርስባትም፤ ወፎች የእንጆሪውን ፍሬ በልተው ዘሩን ይጥሉባታል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሐረጉ ወደ ማሳው ይወርድና አራሹ በሬዎቹን ከእሾህ ለማራቅ አንድ ትልም ወደ ውስጥ ይሸሻል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትልም ይሸሻል። ይዞታው ግማሽ ሄክታር ለማይሞላ ገበሬ ይህ የቤተሰብ እህል ነው።

እንግዲህ ገጀራ ከማንሣታችሁ በፊት አዋሳኛችሁን ጥሩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ምንጠራ ከሩቅ ሲታይ ድንበር መግፋት ስለሚመስል ነው። ቁጥቋጦው ለዓመታት የወሰን ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ሲነሣ ምልክቱም አብሮ ይነሣል። ወንድማማቾች በአንድ ክንድ መሬት ተካስሰው በቀብር እንኳን ሳይገናኙ ሲቀሩ አይቻለሁ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን ያዙ፣ የሠፈር ሽማግሌ ባለበት የድንበሩን ድንጋይ ፈልጉ። ድንጋዩ አብዛኛውን ጊዜ ከእሾሁ ሥር አፈር ለብሶ ይገኛል። ከተገኘ በኋላ ከሁለቱም ወገን ቆማችሁ በአንድ ቀን መንጥሩ። አዋሳኛችሁ መሬቷን ለእኩል አራሽ የሰጠች እናት ከሆነች ደግሞ አራሹን ብቻ ጠርታችሁ እንዳትጀምሩ። ድንበሩ የእርሷ ነው፤ እርሷ መጥታ ታይ።

ቀንጠፋን አትናቁት። እሾሁ ወደ ኋላ የቆለመመ ስለሆነ ልብስ ከያዘ በመጎተት አይለቅም፤ በመጣችሁበት አቅጣጫ ተመልሳችሁ ነው የምትላቀቁት። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የከረመው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ንጉሥ ለጉዞ ሲነሣ ቀንጠፋ እንዲመነጠር አዋጅ ይነገር እንደነበር ጽፏል። ንጉሥ በአዋጅ ያስመነጠረውን እሾህ እናንተ በባዶ እጅ አትግጠሙት። ጫፉ ባላ የሆነ ረጅም እንጨት ያዙ፤ አንዱ ሐረጉን በባላው ወደ ላይ ሲያነሣ ሌላው ከሥሩ በገጀራ ይቁረጥ።

መቁረጥ ግን የሥራው መጀመሪያ ነው። ከላይ ብቻ የተቆረጠ እንጆሪ በሚቀጥለው ዝናብ ብዙ ቀንበጥ ይዞ ይነሣል፤ ጎንበስ ብሎ እርጥብ አፈር የነካው ሐረግም ሥር ሊሰድ ይችላል። አውድማው ካለቀ በኋላ ጥርና የካቲት ላይ ቁረጡት፤ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው ጉቶውን በዶማ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነሥሩ አውጡ። አፈሩ ደርቆ ሳለ የቆፈረ ሰው ሥሩን ከመሐል በጥሶ ይቀራል። የበቀለውን ለጋ ቀንበጥ ደግሞ ፍየል ትወደዋለች፤ ፍየል ካላችሁ በገመድ አስራችሁ አስግጡበት። የተቆረጠውን እሾህ ለበረት አጥር አውሉት እንጂ እዚያው ድንበሩ ላይ እሳት አትልቀቁበት። የካቲት ላይ ነፋሱ የእናንተ አይደለም፤ የጎረቤት የጭድ ክምር ቅርብ ነው።

ሁሉንም አራቁታችሁ እንዳትጨርሱት ግን አደራ። ቁልቁለት ላይ ያለ ድንበር አፈሩን የያዘው የዚያ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ጉቶው በወጣ ማግስት ባዶውን ቦታ ደሾ ሣር ትከሉበት፤ ሥሩ እርከኑን ይይዛል፣ ቅጠሉ ለከብት ይታጨዳል፣ ለሁለታችሁም ይተርፋል። ጠርዙን ብዙም የማያስቸግር ቀጋ ካለ ለንቦቹ ተዉት። ባሕር ዛፍ ግን ድንበር ላይ አትትከሉ፤ የጎረቤትን ሰብል ውሃና ፀሐይ ይሻማል፣ ጠቡም ከእሾሁ ይብሳል።

ወደ እንግጫው ልምጣ። ልጃገረዶች በጳጉሜን የሚነቅሉትን፣ ለዘመን መለወጫ የሚጎነጉኑትን ሣር ክፉ ስም ልሰጠው አልሻም። ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ከሥሩ ውሃ እንደተኛ እየነገራችሁ ነው። ነቅላችሁ ብትጥሉት ውሃው እስካለ ድረስ ይመለሳል። ነሐሴ ላይ እንግጫው መሐል እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩና ዝናብ ባልጣለበት ቀን ተመልከቱት። ውሃ ከታች እየመነጨ ከሞላ ምንጭ አለበት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቦታ ለቀጤማና ለሣር ትታችሁ እያጨዳችሁ ብትሸጡት ይሻላል። ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ ላዩ ብቻ ከጨቀየ ግን ጥፋቱ ከላይ የሚመጣው ጎርፍና የከብት ርግጫ ነው። ያኔ ከማሳው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል፤ ከብቶቹም በክረምት ከዚያ ይራቁ። ውሃ በሚቋጥረው ጥቁር አፈር፣ በዋልካ መሬት ላይ ሰፊ መደብና ቦይ ማውጣትም ይረዳል።

እዚህ ላይ ወጣት ባለሙያዎች፣ ቸኩላችሁ «ፈሰስ አውጡ»፣ ማለትም ውሃውን ከማሳው የሚያስወጣ ትልም ቅደዱ ብላችሁ አትለፉ። ፈሰሱ የት ያበቃል? አራሾች ሁልጊዜ ውሃውን በአጭሩ መንገድ፣ ቀጥ ባለ ቁልቁለት ወደ ድንበሩ ይሰዱታል። ውሃው ኃይል አግኝቶ ድንበሩን ይበላል፤ ድንበሩ ቦረቦር ይሆናል፤ ቦረቦሩ ደግሞ የሁለቱንም ማሳ እየናደ ወደ ላይ ይወጣል። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ቦረቦሮች ብዙዎቹ የጀመሩት እንዲህ ካለ ፈሰስ ነው። ፈሰሱን አግድም ወደ ጎን አዘንብላችሁ ውሰዱት፤ መውጫው ሣር የለበሰ የጋራ የውሃ መፋሰሻ ይሁን፤ ከታች ያለው ጎረቤት ሳይስማማ አንድ ዶማ አትምቱ።

ስለ ፀረ አረም ኬሚካል ትጠይቁኛላችሁ። ለስንዴና ለጤፍ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ነፋስ ከወሰደው የአዋሳኙን ባቄላና ሽምብራ ያቃጥላል። ግላይፎሴት ደግሞ ከእሾሁ ጋር ሣሩንም ገድሎ እርከኑን ራቁቱን ለክረምት ያስረክበዋል። ለድንበር ሥራ ዶማና ሁለት ቤተሰብ ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ።

ከዘንድሮ ጥር ጀምሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ብትጨርሱ በቂ ነው፤ ጉቶው በደንብ የወጣበት አጭር ድንበር፣ ላዩ ተቆርጦ ከተተወ ረጅም ድንበር ይሻላል። ሐምሌ ላይ ከጎረቤታችሁ ጋር በዝናብ መሐል ወጥታችሁ የፈሰሱን መውጫ እዩት፤ ውሃው ደፍርሶ ከወጣ አፈራችሁን ይዞ እየሄደ ነውና በዚያው ቀን ድንጋይ ደርድሩበት።