ፎስፌቱ የት ይሂድ?

ጥያቄ፦ በዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን) ዲቴክተር ስንሠራበት የቆየነውን የሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ (ንጥረ ነገሮችን በፈሳሽ የመለያያ) ዘዴ እንዳለ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶችን (አዮኖችን) በክብደታቸው ወደሚለይ መሣሪያ አዛወርነው። ሞባይል ፌዙ (ናሙናውን በመለያው ቱቦ፣ በኮለሙ፣ የሚያሳልፈው ፈሳሽ) ፒኤቹ 3 የሆነ 20 ሚሊሞላር ፖታሲየም ፎስፌት አለበት፤ ፍሰቱ በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ነው። በሰዓታት ውስጥ ሲግናሉ ወረደ፤ ስንከፍተው የመግቢያው ኮን ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ነጩ ነገር ፎስፌቱ ራሱ ነው። ዩቪ የሚያየው በፈሳሹ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ስለሆነ ጨው አይከብደውም። በኤሌክትሮስፕሬይ (ማስ ስፔክትሮሜትሩ ፈሳሹን ረጭቶ አዮን በሚያደርግበት ክፍል) ግን ፈሳሹ ይተናል፤ የማይተነው እዚያው ይቀራል። አስሉት፦ 20 ሚሊሞላር በሊትር 2.7 ግራም ገደማ ነው፤ በእናንተ ፍሰት በየሰዓቱ 160 ሚሊግራም ያህል ጨው ኮኑ ላይ ትረጫላችሁ ማለት ነው።

በምትኩ 10 ሚሊሞላር አሞኒየም ፎርሜት ተጠቀሙ፦ 0.63 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ፣ ፒኤቹን በፎርሚክ አሲድ ወደ 3 አውርዱት። ዕድለኞች ናችሁ፤ ፎርሜት ከፒኤች 2.8 እስከ 4.8 በደንብ ይሠራል፣ ዘዴያችሁ ፒኤች 7 ላይ ቢሆን ኖሮ ሥራው ይከብድ ነበር። ትሪፍሎሮአሴቲክ አሲድን ግን አትሞክሩ፤ ፒኩን (ንጥረ ነገሩ ሲወጣ የሚታየውን ጉብታ) ያሳምራል፣ ሲግናሉን ግን ይገድላል። ፒኮቹ የሚወጡበት ደቂቃ ስለሚቀየር እያንዳንዱን በስታንዳርድ (መጠኑ በታወቀ ንጹሕ ንጥረ ነገር) ደግማችሁ አረጋግጡ።

ኮለሙን ከማስ ስፔክትሮሜትሩ ሳታገናኙ መጀመሪያ 10 በመቶ ሜታኖል ባለው ውሃ ወደ ቆሻሻ ዕቃ እጠቡት። በቀጥታ ወደ ብዙ አሴቶናይትራይል ከዘለላችሁ ፎስፌቱ ኮለሙ ውስጥ ይረጋል፤ ያኔ ግፊቱ ይንራል። የውስጥ ስፋቱ 4.6 ሚሊሜትር የሆነውን ኮለም በ2.1 ብትቀይሩት ደግሞ ፍሰቱ ወደ 0.2 ሚሊሊትር፣ 20 ማይክሮሊትር የነበረው የናሙና መጠን ወደ 4 ይወርዳል፤ ኤሌክትሮስፕሬይም ይህን ፍሰት ይወደዋል።

ጥያቄ፦ ስታንዳርዱ ጥሩ ይወጣል፣ ያንኑ መጠን ናሙና ላይ ስንጨምር ግን ፒኩ በግማሽ ያንሳል። ለምን?

መልስ፦ አብሮ የሚወጣ ነገር አዮኑን እያፈነው ይመስላል። ዩቪ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ከኮለሙ በኋላ ባለ ሦስት አፍ መገናኛ አስገቡና ስታንዳርዱን በሲሪንጅ ፓምፕ በደቂቃ 10 ማይክሮሊትር ያለማቋረጥ ላኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው የሲግናል መስመር ሲረጋጋ የምትፈልጉት ንጥረ ነገር የሌለበትን ናሙና ውጉ። መስመሩ የሚሰምጥበት ደቂቃ ከፒካችሁ ደቂቃ ጋር ከገጠመ ጥፋተኛው ተገኘ። ግራዲየንቱን (የሞባይል ፌዙ ቅይጥ ቀስ በቀስ የሚቀየርበትን ሂደት) አስረዝማችሁ አለያዩአቸው፣ ወይም ናሙናውን ቀድማችሁ አጽዱ። ኢሶቶፕ ያለው ኢንተርናል ስታንዳርድ (ናሙናው ላይ የሚጨመር፣ በክብደቱ የሚለይ የንጥረ ነገሩ መንታ) ከገዛችሁ ካርቦን 13 ይመረጣል፤ ዲዩቴሪየም ያለው ትንሽ ቀደም ብሎ ሊወጣ ስለሚችል እኩል አይታፈንም።