ዊንቹ ቀጭ ቀጭ እያለ አልጎትት ሲል

አንድ የአዘዞ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የተበላሹ መኪኖች የማነሳበት ተሳቢ ላይ ባለ 12 ቮልት ዊንች (ካቦ እየጠቀለለ መኪና የሚጎትት ሞተር) ገጥሜአለሁ። ባዶውን እንደ ጉድ ይሽከረከራል። መኪና ሲታሰርበት ግን ግማሽ ላይ ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቆማል። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ያው ነው። ፖዘቲቩ ከፒክአፑ ባትሪ በ6 ሚሊ ሽቦ 8 ሜትር ተጉዞ ይደርሳል። ማሳውን (ነጌቲቩን) ከተሳቢው ሻንሲ ወስጃለሁ።»

ወንድሜ፣ ያ የባትሪ ገንዘብ ያሳዝናል። ባትሪው ምንም አላደረገም።

ዊንች ባዶውን ሲዞር የሚወስደው ከረንት ትንሽ ነው። መኪና ሲጎትት ግን ከ100 አምፔር በላይ ይጠጣል፤ ትልልቆቹ 400ም ይደርሳሉ። ያንተ ሽቦ በ100 አምፔር 2.5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል፣ በ200 ደግሞ 5። ማሳህ ከዚህም ይብሳል። ወደ ፒክአፑ የሚመለሰው ተሳቢውን ከፒክአፑ በሚያያይዘው የመጎተቻ ኳስ በኩል ነው፤ እዚያ ያለው ግራሶና ዝገት ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ሶሎኖይዱ (ለዊንቹ ከረንት የሚያገናኘው ባለ ማግኔት ማብሪያ) መያዝ ያቅተውና ይለቃል። ሲለቅ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ እንደገና ይይዛል። ቀጭ ቀጭ የሚልህ ይኼ ነው።

በግምት ሌላ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ለካ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን ዊንቹ ላይ ፖዘቲቩ የታሰረበት ብሎን ላይ ያዝ። ካልደረሰልህ ቀጭን ሽቦ ቀጥልበት፤ ቴስተር ከረንት ስለማይወስድ የስፒከር ሽቦም ይበቃል። መኪናው እየተጎተተ ሌላ ሰው ሪሞቱን ይጫንልህ፤ አንተ የዊንቹ መጎተቻ ካቦ ከተወጠረበት መስመር ራቅ በል። ከግማሽ ቮልት በታች ካነበበ ደህና ነው። 2 ወይም 3 ካለ ሌባው ተያዘ። በነጌቲቩም በኩል እንደዚሁ አድርግ። ዊንቹ ቆሞ እንዳትለካ! ከረንት ከሌለ የሚጠፋ ቮልት የለም፣ ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስልሃል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በዚህ ተሸውጃለሁ። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ዊንቹ እምቢ ካለ ብቻ ሶሎኖይዱን ፍታው።

እኔ ብሆን ያንን አዲስ ባትሪ ተሳቢው ላይ፣ ከዊንቹ አጠገብ አስረው ነበር። ያኔ 35 ሚሊ የኤሌክትሪክ ካቦ አንድ ሜትር ይበቃሃል። ነጌቲቩም ሻንሲ ሳይነካ በቀጥታ ባትሪው ላይ ይታሰር። የካቦው ጫፍ በመጭመቂያ ይጨመቅ፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጫፍ ሲሞቅ ይላላል።

6 ሚሊውን አትጣለው፣ ለቻርጅ ይሆናል። ባትሪ በሁለቱም በኩል ስላለ ሁለቱም ጫፍ ላይ 30 አምፔር ፊውዝ አድርግ። መሃሉ ላይ ማጥፊያ ይኑረው፤ ስትጎትት አጥፋው፣ አለበለዚያ ዊንቹ በዚያም በኩል ሊስብ ሲል ፊውዙን ያቃጥለዋል። የቻርጁን ማሳም በሽቦ መልሰው እንጂ ለኳሱ አትተውለት። ደግሞ ከአዘዞ ጎንደር ፒያሳ ድረስ ስለነዳህ ባትሪው ሞላ ማለት አይደለም። ሁለት ሦስት መኪና በጎተትክበት ቀን ማታ ቻርጀር ላይ ሰክተኸው እደር።